የቁልቁለቱ ጩኸት

እናቴ ወንድሜ መምጣቱን የምታውቀው በጩኸት ነበር።

ቤታችን ከወገዳ ከተማ የሚመጣው መንገድ ወደ ወንዙ በሚወርድበት ቁልቁለት ግርጌ ነው። መንገዱ መጀመሪያ አፋፉ ላይ ብቅ ይላል። ከዚያ እየተጠማዘዘ፣ በገብስ ማሳና በባሕር ዛፍ መካከል እየታየ እየጠፋ እኛ ደጅ ድረስ ይወርዳል። ወንድሜ አፋፉ ላይ ሲደርስ የሞተር ብስክሌቱን ማርሽ ይቀንሳል። ያኔ ሞተሩ መጮህ ይጀምራል። ማጓራት አይደለም። እንዴት ልበለው፣ እምቢ እንደማለት ነው። ቁልቁለቱ ሲጎትተው እምቢ እያለ ነው የሚወርደው። እማዬ ያንን ስትሰማ የያዘችውን ሥራ ትታ ውሃ ትጥዳለች። እሱ ጠመዝማዛውን ጨርሶ ግቢ እስኪገባ ውሃው ለብ ይላል። እግሩን ይታጠባል፣ ይቀመጣል። ብዙም አይነጋገሩም።

አያ ነበር የምለው። አባታችን እኛ ገና ልጆች ሳለን ስላረፈ፣ ታላቅም አባትም እሱ ነበር። እርሻውን ለእኩል አራሽ ሰጥተን፣ የምንኖረው እሱ በሞተር ሰው እያመላለሰ በሚያመጣው ነበር። እኔን ያስተማረኝም ያው ሞተር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ውጤት አልመጣልኝም። አያ ግን አንድም ቀን ምን ሆነህ ነው አላለኝም።

ሌላው ባለ ሞተር ቁልቁለቱን እንደሱ አይወርድም። የወገዳ ልጆች አፋፉ ላይ ሲደርሱ ማርሹን ነቅለው ፍሪ ያደርጉና ሞተሩን ያጠፉታል። ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ እየተቀዳ በሚሸጥበት አገር፣ መንገድ ሲዘጋ ጠርሙሱም በሚጠፋበት አገር፣ ቁልቁለት እግዜር የሰጠው ነዳጅ ነው ይላሉ። ተሳፋሪውም ይወድላቸዋል። በእኛ አካባቢ ሰው ፍጥነትን የሚለካው በጆሮው ነው። ሞተር ከጮኸ ይሮጣል፣ ዝም ካለ ቀስ ብሏል። ስለዚህ በፍሪ እየበረረ የሚወርደውን "እንደ ውሃ ነው የሚነዳው" ብለው ያመሰግኑታል፤ በማርሽ ይዞ የሚያዘግመውን አያን ይፈሩታል።

አንድ ገበያ ቀን አንዲት ባልቴት ከኋላው ተሳፍረው ቁልቁለቱ ሲጀምር ጀርባውን ይደበድቡት ጀመር።

"አውርደኝ! ይኸ ነገር ሊፈነዳ ነው።"

"አይፈነዳም እማማ። እየያዘን ነው።"

"ምን ይይዛል፣ እየለቀቀን ነው እንጂ! አውርደኝ ብያለሁ።"

አወረዳቸው። ቅርጫታቸውን አዝለው በእግራቸው ወረዱ። እሱም ሞተሩን እያስጮኸ በአጠገባቸው አብሮ ወረደ፤ ከእርምጃቸው አልቀደመም። እኛ ደጅ ሲደርሱ፣ "አንተስ ከእኔ መች ቀደምህ፣ ይህን ሁሉ ጮኸህ" አሉት። አያ በኋላ ይህን ለእማዬ ሲነግራት ከት ብላ ሳቀች። ያ ሳቋ አሁን ትዝ ይለኛል። የሰማሁት የመጨረሻው ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ወገዳ ገበያው ዳር ባለ ሞተሮቹ በሚቆሙበት ቦታም ያላግጡበት ነበር።

"የአንተ ሞተር ቁልቁለት ላይ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው? እናቱ ሞታበት ነው?"

"እናትህ እንዳታለቅስ ነው የሚያለቅሰው" ይላቸዋል። ይስቃሉ። እሱም ይስቃል። ነገ ደግሞ ያው ነው።

መንዳት ያስተማረኝ ሜዳው ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን በእግሬ ቆሜ እንዳይ እንጂ እንድነዳ ለብዙ ጊዜ አልፈቀደልኝም። አንድ ቀን አፋፉ ላይ አቁሞ ጠየቀኝ።

"አህያ ጭነህ በዚህ ስትወርድ ምን ታደርጋለህ?"

"ጭራዋን እይዛለሁ።"

"ለምን?"

"ጭነቱ እንዳይገፋት።"

"እህ። ሞተር የራሱን ጭራ ራሱ ይይዛል። አንተ ብቻ አታስለቅቀው።"

የማርሽ ነገር የሚወሰነው አፋፉ ላይ ነው ይል ነበር። መሀል ቁልቁለት ከደረስክ በኋላ ማሰብ የለም። ገና ሜዳው ላይ ሳለህ በፍሬን ታዘገየዋለህ፣ ጋዙን ትለቃለህ፣ ከዚያ ማርሹን አንድ በአንድ ትቀንሳለህ። ከአራተኛ ዘለህ አንደኛ ካስገባህ የኋላው ጎማ መዞሩን ያቆምና ይንሸራተታል። በግራ እጅህ የያዝከውን ፍሪሲዮንም ቀስ ብለህ ነው የምትለቀው፣ የተኛ ልጅ አልጋ ላይ እንደምታስቀምጥ። አንዴ ከለቀቅከው በኋላ ደግሞ እጅህን አንሳለት። ፈርተህ ፍሪሲዮን ይዘህ ከወረድክ ሞተሩ ጭራውን ለቀቀ ማለት ነው። ፍሬኑን በየመሀሉ ነካ ለቀቅ ታደርገዋለህ እንጂ ተጭነህ አትወርድም፤ ጎማውን የሚይዘው የፍሬን ሸራ ይግልና መያዝ ያቆማል። ጠጠር ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑን ከባድ አድርገህ አትያዝ። ጩኸቱ ከልክ በላይ ከሆነ በፍሬን ትንሽ ታግዘዋለህ። በማርሽ ስትይዝ የኋላ መብራትህ አይበራምና ከኋላህ መኪና ካለ የእግር ፍሬኑን በጫማህ ጫፍ ነካ አድርገህ ንገረው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አልነገረኝም። ዛሬ አንዷን፣ በሌላ ጊዜ ሌላዋን ነበር። አሁን ስጽፈው ነው አንድ ላይ የተሰበሰበው።

ሚያዝያ ላይ ሆዱን አመመው። መጀመሪያ ይለቀኛል አለ። ጠበል ጠጣ። ከዚያ መቀመጥ አቃተው። መኪና አልነበረም፣ መንገዱም የሚያስተማምን አልነበረም። እማዬ በጋቢ ከወገቤ ጋር አሰረችው። እኔ ነዳሁ። ከአፋፉ ማዶ ወገዳ እስኪደረስ ሌሎች ቁልቁለቶች አሉ፤ አንዳቸውንም ነድቼ ወርጄ አላውቅም ነበር። ልነግረው አልፈለግሁም። እሱ ግን ያውቃል። ቁልቁለት ስንደርስ በሁለት ጉልበቱ ጎንና ጎኔን ይጫነኛል። ያ ቀንስ ማለት ነው። እቀንሳለሁ። ሞተሩ ይጮኻል። ከዚያ ጉልበቱ ይላላል። ለመናገር አቅም አልነበረውም፤ ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ነበር። ሌላ ቁልቁለት ሲመጣ ጉልበቱ ይመለሳል። እንዲህ ሆነን ወገዳ ገባን።

ከወገዳ በኋላ መኪና ተገኘ። ሞተሩን አንድ ዘመዳችን ግቢ አቆምነው። ደብረ ታቦር ሐኪሞቹ የሚቻለውን ሁሉ አደረጉ። ዘግይቶ ነበር። ስለሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

እማዬ ጸጉሯን ተላጨች። ጥቁር ለበሰች። አልጋ ላይ አልተኛም ብላ መሬት ላይ አንጥፋ መተኛት ጀመረች። ለቅሶ የሚመጣው ሰው እየቀነሰ ሄደ፣ ክረምቱ ገባ፣ አርባውም ሰማንያውም አለፈ። ሞተሩ ወገዳ ቆሞ ነበር። ለቤቱ ገንዘብ የሚያስገባ ሰው አልነበረም። እኔ ነበርኩ የቀረሁት። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፣ የማይታወቅ ነገር አልነበረም።

ዝናቡ ጋብ ሲል ሄጄ አመጣሁት። የአያን ኮት ነበር የለበስኩት፤ ለብርድ ሌላ ስላልነበረኝ ነው። አፋፉ ላይ ደረስኩ። ሁሉን እንደነገረኝ አደረግሁ። ሜዳው ላይ አዘገየሁ፣ ማርሽ ቀነስኩ፣ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ለቀቅሁ። ሞተሩ ጮኸ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ አለኝ። ቻልኩት ብዬ። ጠመዝማዛውን ሁሉ ጨርሼ ግቢ ስገባ እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። በእጇ ውሃ የያዘ ጣሳ አለ። እንፋሎቱ ይታያል።

አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"አንተ ነህ?" አለች።

"እኔ ነኝ እማዬ።"

"እህ" አለች። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች። ከዚያ አለቀሰች። ጎረቤቶች ድምጿን ሰምተው መጡ፣ አብረው አለቀሱ። ውሃው እዚያው ቀዘቀዘ።

በነጋታውም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛውም። ከአፋፉ ሞተሩ ሲጮህ ትነሳለች፣ ውሃ ትጥዳለች፣ ስደርስ ታለቅሳለች። በዚህ ሁኔታ ስንት ጊዜ ልቀብረው ነው አልኩ። እሷስ ስንት ጊዜ ልትቀብረው ነው።

ስለዚህ አፋፉ ላይ ሞተሩን ማጥፋት ጀመርኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በፍሪ መውረድ ደስ ይላል። ደስ አይልም የሚል ካለ ሌላውን ለማታለል ነው። ቀኑን ሙሉ ጆሮህ ውስጥ ሲያጓራ የዋለው ነገር በአንዴ ፀጥ ይላል። ነፋሱ ብቻ ይቀራል። ከማሳው የአጫጆች ወሬ ይሰማል፣ ከታች የወንዙ ድምፅ ይመጣል። እጅህ ያርፋል። ደክሞኝ ነበር፣ ሁልጊዜ ደክሞኝ ነበር በዚያ ሰሞን፤ እንቅልፍም ያን ያህል አያሳርፈኝም። ያ ቁልቁለት ግን ያሳርፈኝ ነበር። ምንም ሳልሠራ፣ ምንም ሳልይዝ፣ ዝም ብዬ የምወሰድበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ተሳፋሪዎቼም ወደዱኝ። "ከወንድምህ አንተ ትሻላለህ፣ ነፍሱን ይማረውና" አለኝ አንዱ።

እማዬም ከዚያ ወዲያ ውሃ ይዛ አልቆመችም። በጸጥታ እደርሳለሁ፣ ሞተሩን ግድግዳው ጥግ አስደግፌ በሩ ላይ እቆማለሁ። ስታየኝ ደንገጥ ትላለች። አንድ ቀን የያዘችው ወንፊት ከእጇ ወደቀ። ሌላ ቀን ግድግዳውን ደገፍ ብላ ትንሽ ቆየች። ከለቅሶው ነው፣ ከድካሙ ነው ብዬ አለፍኩት። አታለቅስም፣ ያ በቂ ነበር።

የእግር ፍሬኑ ግን እየወረደ ሄደ። ቀድሞ ነካ ሲያደርጉት ይይዝ የነበረው አሁን ወደ ታች ብዙ ይሄዳል። ግርጌ ስደርስ ከጎማው የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ሸራው እያለቀ መሆኑን አውቃለሁ። ክብደቱን ሁሉ፣ ቁልቁለቱን ሁሉ እሱ ብቻውን እየተሸከመ ነው። ሰኞ አስቀይረዋለሁ እላለሁ። ሰኞ ሲመጣ ይደክመኛል።

ጥቅምት ላይ መንፈቁ ደረሰ። ለተዝካሩ ዋዜማ የነፍስ አባታችንን ላመጣ ሄድኩ። ቤታቸው ከአፋፉ ማዶ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው። በልጅነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ዝም ብለው ከተቀመጡ ከአፋቸው ዜማ ይወጣል። ሞተር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ጥላቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ሞተሩን ዞር ዞር ብለው አዩት።

"ይህች በቅሎህ ስሟ ማን ነው?"

"ስም የላትም አባ።"

"ስም ከሌላት ቁሚ ስትላት በምን ትሰማለች?"

"በፍሬን ነው አባ።"

"እንግዲህ ፍሬኗ ይስማን" ብለው ተቀመጡ።

የጠዋት ዝናብ ጥሎ ነበር። የጥቅምት ዝናብ ለታጨደ ገብስ ጥሩ አይደለም፣ ለመንገድም ጥሩ አይደለም። አፋፉ ላይ ስንደርስ አባ ትከሻዬን ነኩኝ።

"ቁልቁለት በቅሎ ላይ ተቀምጬ ወርጄ አላውቅም። ነውር ነው፣ እሷም ነፍስ አላት። ልውረድላት።"

"ጭቃ ነው አባ፣ ይቀመጡ። ሞተር አይደክመውም።"

"እንዲያ ከሆነ ኃጢአቷ ባንተ ይሁን።"

ማርሹን ፍሪ አደረግሁ። ቁልፉን አዞርኩ። ፀጥ አለ።

"ምነው፣ ሞተች?"

"አጠፋኋት አባ። እማዬ እንዳትሰማ ነው። አያ የመጣ ይመስላታል።"

አባ ዜማቸውን ጀመሩ። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ አለፍን። ሁለት ሰው ነን፣ መንገዱም እርጥብ ነው፤ ከልማዱ ይልቅ ፈጠነ። የእግር ፍሬኑን ተጫንኩት። ወረደ። እስከ መጨረሻው ወረደ፣ የያዘው ነገር የለም። ደግሜ ተጫንኩት። ባዶ ነው። የእጅ ፍሬኑን ነካሁት፣ የፊቱ ጎማ በጠጠሩ ላይ ወደ ጎን ሸሸ። ለቀቅሁት። የአባ ዜማ ቆመ። ከፊታችን ትልቁ ጠመዝማዛ አለ፣ ከሱ በታች ገደል ነው። ጥላቸው ከብብታቸው ወጥቶ ወደ ኋላ ሲበር በጎን በኩል አየሁት።

ያኔ አባ በሁለት ጉልበታቸው ጎንና ጎኔን ያዙኝ።

ስለ ፈሩ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም፣ የበቅሎ ሰው ሲፈራ በጉልበቱ ይይዛል። እጄ ግን ከእኔ ሐሳብ አልጠበቀም። በግራዬ ቁልፉን መለስኩ፣ ፍሪሲዮኑን ያዝኩ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ። በአንዴ ልለቀው ነበር፤ አያ ስለ ተኛው ልጅ ያለው ትዝ አለኝ። ቀስ ብዬ ለቀቅሁት። የኋላው ጎማ አንዴ ተንገጫገጨ፣ ወደ ግራ ሸሸ፣ ተመለሰ። ሞተሩ ተነሳ፣ ጮኸ። የሆነ ነገር ከኋላ ጭራችንን ያዘ። ጥቂት እንደዘገየ ሁለተኛ አስገባሁ። ይበልጥ ጮኸ። ትልቁ ጠመዝማዛ ጋ ስንደርስ ሰው ከሚሮጠው አንበልጥም ነበር። ወደ ውስጠኛው ዳር ተጠግቼ ዞርኩት። የአባ ጉልበት አልላላም።

"አቁም" አሉኝ ከኋላዬ።

"አሁን አትቆምም አባ። ግን አትሮጥም።"

"ጥላዬ!"

"እመለስልዎታለሁ።"

የቀረውን መንገድ እንዲህ እየጮኽን ወረድነው። በየማሳው ያለ ሰው ቀና ብሎ አየን። እኔ የማስበው ስለ እማዬ ነበር። ግቢው ለተዝካሩ በመጡ ሴቶች የተሞላ ነው። በሁሉም ፊት ልትወድቅ ነው አልኩ። በሰላም መድረሳችን እንኳ ያስደሰተኝ አይመስለኝም። ደከመኝ ብቻ።

ግቢ ገባን። ሞተሩን ባጥር አስደግፌ አቆምኩት። እማዬ በር ላይ ቆማለች። ጣሳ ይዛለች፣ እንፋሎት ይወጣዋል። አየችኝ፣ ወደ አባም አየች። አላለቀሰችም።

"ይግቡ አባ፣ እግርዎን ልጠብዎት" አለች።

መደብ ላይ ተቀመጡ። ጎንበስ ብላ ታጥባቸው ጀመር። ሴቶቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አባ ነገር የሚደብቁ ሰው አይደሉም።

"ይህ ልጅሽ" አሉ፣ "ከአፋፉ ጀምሮ ሞተሩን አጥፍቶ ነው የሚወርደው። አንቺ እንዳትሰሚ ብሎ። ዛሬ ሁለታችንንም ገደል ሊከተን ነበር። በመጨረሻው ጮኸችለትና ተረፍን።"

እማዬ እጇን ከውሃው አላወጣችም። ቀና ብላም አላየችኝም።

"እኔ እንዳልሰማ?"

"ታለቅሻለሽ እማዬ። ያን ሰሞን በየቀኑ ታለቅሺ ነበር።"

"እና አላልቅስ?"

አንድ እግራቸውን በፎጣ አድርቃ ሌላውን ያዘች።

"ማልቀስ ሌላ፣ መደንገጥ ሌላ" አለች። "አንተ ድምፅ ሳታሰማ ስትመጣ እኔ ምን እንደምሆን ታውቃለህ? ቀና ስል እሱ በሩ ላይ ቆሟል። ኮቱ የእሱ፣ ቁመናው የእሱ። መጣ እላለሁ። ከዚያ አንተ ትሆናለህ። በየቀኑ ደጄ ላይ ነው የሚሞትብኝ።"

አባ በለሆሳስ "ይቅር ይበለን" አሉ።

"ሲጮህ ጊዜ አለኝ" አለች እማዬ። "ከአፋፉ እዚህ እስክትደርስ ለራሴ እነግራለሁ። ትንሹ ነው፣ ትንሹ ነው እያልኩ ነው ውሃ የምጥደው። ትንሹም እኮ እግር አለው። አንተ ግን አንድ ቀን እንኳ አልታጠብክ።"

እውነት ነው። ውሃው ለአያ ነው ብዬ አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም። ወደ ሞተሩ ወጣሁ። እጄን ወደ ኋላው ጎማ ጠጋ ሳደርግ ሙቀቱ ይጋረፋል። ጥላውን ፍለጋ ቁልቁለቱን በእግሬ ወጣሁ። ባሕር ዛፉ ሥር አገኘሁት፣ አንድ ብረቱ ተጣሟል። ስመለስ ለእኔም ውሃ ተጥዶ ነበር። ታጠብኩ።

ተዝካሩ በነጋታው ወጣ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር አለ። አባ ሲመለሱ በእግራቸው ካልሆነ አልሄድም አሉ። ዳገት ነው አባ፣ ዳገት ላይ ፍሬን አያስፈልግም አልኳቸው። አሰብ አደረጉና፣ "ዳገቱንስ እሺ፣ በቅሎም ዳገት ትወጣለች" ብለው ተሳፈሩ።

ሸራውን አስቀየርኩ። አሁን አፋፉ ላይ ስደርስ፣ ገና ሜዳው ላይ ሳለሁ አዘገያለሁ። ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ። ሞተሩ ይጮኻል። ተሳፋሪዎቼ ይቆጣሉ፣ አንዳንዱ ይወርዳል። ወገዳ ያሉት ልጆች፣ "ጩኸቱንም ነው እንዴ የወረስከው?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ለካ ይህን ሲሉኝ መሳቅ ፈልገው ነበር፤ ሳቁ ቀረ።

ያ ያሳርፈኝ የነበረው ፀጥታ ይናፍቀኛል። አልዋሽም። በማርሽ መውረድ ሥራ ነው፣ እስከ ግርጌው ድረስ እጅም እግርም ነቅቶ ነው የሚጠብቀው። እየደከመኝ ነው የምወርደው።

ስደርስ ብዙውን ጊዜ እማዬ በር ላይ ናት፣ ውሃውም ለብ ብሏል። ዓይኗ ቀልቶ ይሆናል፣ ግን አብሳዋለች፣ የምትናገረውንም ለራሷ ተናግራ ጨርሳለች። አንዳንድ ቀን ግን ከመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ሆኜ ወደ ግቢው ስመለከት በሩ ላይ የለችም። ገና አልጨረሰችም ማለት ነው። ያኔ የእግር ፍሬኑን ነካ አደርግና ሁለተኛውን ወደ አንደኛ እቀንሳለሁ። ሞተሩ ይበልጥ ይጮኻል። ሰው በእግሩ ይቀድመኛል።

እስክትወጣ እንዲያ እያልኩ እወርዳለሁ።